በስምምነት ያላረፈው ጀት

የሰው ልጅ ካበጃቸው ታላላቅ ነገሮች መካከል እሳት፣ መንኮራኩርና ስብሰባ ይገኙበታል። እሳትንና መንኮራኩርን ማን እንዳመጣቸው አይታወቅም፤ ስብሰባ ግን ቃለ ጉባዔ አለው። ስለዚህ ከሦስቱ የሚከበረው ስብሰባ ነው።

ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ስፔንና ኢጣሊያ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ጥበብ ገብቷቸው፣ ዓለም አይቶት የማያውቅ ዘመናዊ ተዋጊ ጀት በጋራ ሊሠሩና በጋራ ሊገዙ የተስማሙበት ቀን በወርቅ ቀለም መጻፍ የሚገባው ቀን ነው። አልተጻፈም እንጂ። የቀለሙን ዓይነት የሚመርጠው ንዑስ ኮሚቴ ገና ሥራውን አልጨረሰም። ጽሕፈት ቤቱ የተከፈተው ቤልጂየም ውስጥ ነው። ቤልጂየም የማኅበሩ አባል አይደለችም፤ አንዲት ብሎን እንኳ አትሠራም። ነገር ግን ቢሮው አንዱ አገር ዘንድ ቢሆን ሦስቱ ስለሚያኮርፉ፣ አራቱም እኩል የሚሰለቹበት ዝናባም ከተማ ተፈልጎ ተገኘ።

ሥራው የተከፋፈለው በፍትሕ ነው፤ ብዙ ጀት ያዘዘ ብዙ ይሠራል፣ ጥቂት ያዘዘ ጥቂት። የግራው ክንፍ አንዱ አገር፣ የቀኙ ሌላው አገር ተሠራ። ሲገጣጠሙ ግራው በስንዝር በለጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። ኮሚቴው ግን ሦስት ወር መክሮ የሁለቱ ክንፎች አማካይ ርዝመት ፍጹም ልክ መሆኑን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። በኋላ አንድ መካኒክ ትርፉን ቆርጦ አስተካከለው፤ ያለ ፈቃድ ቆርጧልና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ስሙስ? ስሙ ላይ አራቱ አገሮች ሊስማሙ ስላልቻሉ ጀቱ በሰነድ ሁሉ «ዕቃው» ይባላል።

ከኮሚቴው ግኝቶች ሁሉ አውራው ግን የዝምታ ደንብ ነው። ሐሳብ ያለው ሰው ጽፎ ለአራቱም ያድላል። እስከ ዓርብ ቀን ስድስት ሰዓት ድረስ ማንም ትንፍሽ ካላለ ነገሩ ጸደቀ። አንድ ሰው «ኧረ እንዴ!» ካለ ግን ዝምታው ተሰበረ ይባላል፤ ነገሩም ወደ መጣበት ይመለሳል። በሌላ አገር ዝም ያለ ሰው አኩርፏል፣ ወይ አልሰማም፣ ወይ እንቅልፍ ጥሎታል ይባላል። እዚህ ግን ተስማምቷል።

የዚህ ሁሉ ጥበብ ተጠቃሚ ከሆኑት ሰዎች አንዱ ኮሎኔል ኦታቪዮ ብሩዛዲን ነው። የኢጣሊያዋ የኡዲነ ከተማ ልጅ ነው። ዕቃውን መጀመሪያ እንዲያበር ኢጣሊያ የመረጠችው በሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ያኔ ጸጉሩ ጥቁር፣ ጉልበቱ ጤነኛ፣ ተስፋውም እንደ ማንኛውም ኢጣሊያዊ የተጋነነ ነበር። አሁን ሃያ አንድ ዓመት አለፈ። ኦታቪዮ ሃምሳ አራት ዓመት ከአሥራ አንድ ወር ሆኖታል። የአየር ኃይሉ ሕግ ደግሞ ልመና አያውቅም፤ ሃምሳ አምስት የሞላው አብራሪ የተዋጊ ጀት መሪ አይነካም፣ አለቀ። እስከዚያው ሥራ ፈት እንዳይባል የኢጣሊያ ምክትል ተወካይ ተደርጎ ኮሚቴው ውስጥ ወንበር ተሰጥቶታል። በደረት ኪሱ የበረራ መዝገቡን ይዞ ይዞራል። የመነሻ ሰዓት፣ የማረፊያ ሰዓት፣ ማኅተም። ለዕቃው ብሎ የተዋት አንዲት መስመር ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ባዶዋን አለች። ከዚህች መስመር ሌላ በዚህ ዓለም የሚመኘው ነገር አልነበረም።

ዓርብ በመጣ ቁጥር አንዱ አገር ዝምታውን ይሰብራል። ኦታቪዮም ምሬቱን የሚያወርደው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቃለ ጉባዔ ስትጽፍ በኖረችው ቤልጂየማዊት ጸሐፊ በወይዘሮ ጎደሊቭ ላይ ነው።

«ዛሬ ደግሞ ማነው?»

«ስፔን።»

«ምን ሆንን አሉ?»

«የመቀመጫው ጨርቅ ቀለም ይጠና አሉ።»

«እግዜር ይይላቸው! እኔ እኮ መሸብኝ! ሰው እያረጀ ጨርቅ ይጠናል? አንድ ቃል ለመጨመር ብሎ የሰው ዕድሜ የሚበላ ሰው፣ እሱ ሰው ነው?»

ጎደሊቭ ከወረቀቷ ቀና ሳትል «ምሬትዎን ቃለ ጉባዔ ላስገባው?» አለችው።

«ያስገቡት!»

«እንግዲያው እስከሚመጣው ዓርብ ማንም ካልተቃወመ ተማረዋል ማለት ነው።»

ፈረንሳይ ተቃወመች። በመሆኑም ኦታቪዮ እንዳልተማረረ ተመዘገበ።

በዚያው ሰሞን ሻምበል ኦርነላ ትሬቪዛን ከኢጣሊያ መጣች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ኦታቪዮ ሃምሳ አምስት ሲሞላው ቦታውን የምትይዘው እሷ ናት። ጨዋ ልጅ ስለሆነች «ኮሎኔል፣ እርስዎ ሳያበሩት እኔ እንድነካው አልፈልግም» ትለዋለች። ከልቧ ነው። ሆኖም አብራሪ ናትና ዕቃው በሚቆምበት ሃንጋር በር ላይ ቆማ ስታየው ምራቋን ትውጣለች።

የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ከፊት የሚቀመጠው ማነው? ይህ ጥያቄ አራት ዓመት ወስዷል። መፍትሔ ያመጡት የኮሚቴው ሰብሳቢ ጀርመናዊው ዶክተር ፎልክማር ሽቱቨ ናቸው። ዶክተር ሽቱቨ በሕይወታቸው ማንንም አስቀይመው አያውቁም፤ ማንንም አስደስተውም አያውቁም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ የመሪነትን ሸክም ለአራት አከፋፈሉት። አራት መቀመጫ፣ አራት መሪ፣ አራት አብራሪ። ዕቃውም በአየር ላይ ሳለ በዝምታ ደንብ ይተዳደራል። አንዱ አብራሪ «ወደ ግራ እንዙር» ብሎ ሐሳብ ያቀርባል። አሥር ሰከንድ ማንም ካልተናገረ ዕቃው ይዞራል። አንድ ሰው ከተናገረ መሪው ይቆለፋል።

ሰነዱ የታደለው በነሐሴ ነው። ነሐሴ ላይ በእነዚህ አገሮች ጦርነት ቢነሳ እንኳ የሚያየው የለም፤ ሰው ሁሉ ለእረፍት ባሕር ዳርቻ ነው። ዓርብ ስድስት ሰዓት ደረሰ፣ ማንም ትንፍሽ አላለም፣ ጸደቀ። ኦታቪዮ ከእረፍት ሲመለስ አንብቦ ጉድ አለ። የዶክተሩን በር ሳያንኳኳ ገባ።

«ዶክተር፣ ተዋጊ ጀት እኮ ነው! ጠላት ከኋላዬ ቢመጣ አሥር ሰከንድ ቆሜ ላስፈቅድ?»

«ቆመው አይደለም፤ እየበረሩ» አሉ ዶክተር ሽቱቨ በትሕትና።

«ጠላትስ ይጠብቀኛል?»

ዶክተሩ አሰቡ። «ጠላትን የሚመለከተው አባሪ ገና አልተረቀቀም።»

«በሉ ይህን ደንብ ይሰርዙልኝ!»

«እርስዎም እኮ ተስማምተዋል፣ ኮሎኔል።»

«እኔ? መቼ?»

«ነሐሴ አሥራ አራት። ዝም ብለዋል።»

«ግራዶ ባሕር ዳር ሰርዲን ጥብስ እየበላሁ ነበር!»

«አፍ ሞልቶ ዝም ማለትም ዝምታ ነው» አሉ ዶክተሩ፤ ፊታቸው ላይ የቀልድ ምልክት አልነበረም።

አራቱ አብራሪዎች መሬት ላይ ባለው የመለማመጃ ማሽን ውስጥ ተቀመጡ። ማሽኑ ሰማይና ተራራ ያሳያል።

«ተራራ ከፊት!» አለ ኦታቪዮ። «ወደ ግራ እንድንዞር ሐሳብ አቀርባለሁ።»

«በመርህ ደረጃ ተቃውሞ የለንም» አለ ፈረንሳዊው። ተናግሯልና መሪው ተቆለፈ።

«አትናገር እንጂ! ስትናገር እኮ ይቆለፋል!» አለ ጀርመናዊው። እንደገና ተቆለፈ።

«እሱን አትናገር እያልክ አንተ ምን እያደረግክ ነው?» አለ ስፔናዊው።

«አፋችሁን ዝጉ!» አለ ኦታቪዮ። እሱም ተናግሯል።

ተራራው ብቻ ምንም አልተናገረም። መጣ። በዚያ ሳምንት አሥራ ስምንት ጊዜ ተራራ ውስጥ ገቡ። ኮሚቴው ውጤቱን መርምሮ በአራቱ አብራሪዎች መካከል አንዳችም የሥልጣን መበላለጥ አለመታየቱን በማድነቅ ምስጋና አቀረበ።

ኦታቪዮ ሌሊት ጣሪያ እያየ፣ ቀን የቀን መቁጠሪያ እያየ ሰነበተ። ልደቱ ሃያ ቀን ቀረው። በመጨረሻ ዘዴ መጣለት። አየር ላይ መነጋገር ካልተቻለ መሬት ላይ ተነጋግሮ መጨረስ! እያንዳንዷን መነሳት፣ እያንዳንዷን መዞር፣ ከፍታዋን፣ ፍጥነቷን ጽፎ አስቀድሞ ማስጸደቅ። ስድስት ቀን እንቅልፍ ሳያይ ሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ ጻፈ። ዓርብ ዕለት ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ እያንዳንዱን ተወካይ በዓይኑ ሲጠብቅ ላቡ ይንጠባጠብ ነበር። ፈረንሳዊው ተወካይ አንዴ አፉን ከፈተ፤ ሲያዛጋ ነው። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ጸደቀ። ኦታቪዮ ጎደሊቭን ጉንጯን ሳማት። እሷም «ይህ ቃለ ጉባዔ አይገባም» አለችው።

በረራው ልደቱ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ሆነ። በባሕር ጠረፍ ባለ የአውሮፕላን ማረፊያ አራት ሚኒስትሮች ተገኙ። አራቱም እኩል ሰዓት እንዲናገሩ ስለተወሰነ እኩል ሰዓት ተናገሩ፤ ማለትም በአንድ ላይ። የሙዚቃ ጓዱም አራቱን ብሔራዊ መዝሙሮች እንዲሁ በአንድ ላይ መታ። እንዲህ ያለ አንድነት ከዚያ በፊት አልተሰማም፤ ከዚያ በኋላም ማንም እንዲሰማ አልጠየቀም።

ዕቃው ተነሳ። መነሳቱ ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ነበርና ማንም ምንም አላለም። ኦታቪዮ የመነሻውን ሰዓት በመዝገቡ ላይ ጻፈ። ባሕሩ ከሥር፣ ደመናው ከጎን፣ መሪው በእጁ። የምሩን አለቀሰ። ሃያ አንድ ዓመት የጠበቀው ነገር እውነት ነበር፤ ዕቃው ይበራል፣ እንዴት ያለ ውብ ነገር! በየገጹ ዞረ፣ በየገጹ ወጣ፣ በየገጹ ወረደ። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ያለ አንዲት ቃል ሄዱ። በሠላሳ ዘጠነኛው ደቂቃ የመቆጣጠሪያ ማማው ተናገረ።

«ነፋሱ ዞሯል። በምሥራቅ በኩል እረፉ።»

ገጽ ሁለት መቶ ዘጠኝ «በምዕራብ በኩል» ይላል።

ኦታቪዮ ትንፋሹን ሰብሰብ አድርጎ «በምሥራቅ በኩል እንድናርፍ ሐሳብ አቀርባለሁ» አለ።

«ይህ አዲስ ሐሳብ ነው» አለ ጀርመናዊው። «በጽሑፍ ቢሆን?»

«አየር ላይ ነን እኮ! በምን ልጻፍልህ?»

«እኛ ዋና ከተማችንን ሳንጠይቅ አንችልም» አለ ስፔናዊው። «አሁን ደግሞ ምሳ ሰዓት ነው።»

«ምሥራቅ የሚለው ከማን አንጻር ነው?» አለ ፈረንሳዊው።

አንድ ዙር ዞሩ። ሁለት ዙር ዞሩ። መሪው እንደተቆለፈ ነው። የነዳጁ መብራት ቢጫ ሆነ። ሦስቱም ከፍርሃት የተነሳ ሳያቋርጡ ያወሩ ጀመር፤ አንዱ ስለ ሚስቱ፣ አንዱ ስለ ሰነዱ፣ አንዱ ደግሞ መጀመሪያውኑ ይህን ሥራ እንዳልፈለገ። መብራቱ ቀላ። ኦታቪዮ ሃያ አንድ ዓመት ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሰዎቹን ያውቃቸዋል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አላቸው።

«ስሙኝማ። ይህ ዕቃ ከወደቀ ምርመራ ይደረጋል። ከአሁን ጀምሮ የተናገረ ሰው፣ ለተከተለው ነገር ኃላፊ ተብሎ ስሙ ይጻፋል።»

ወዲያው እንደ መቃብር ጸጥ አሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አሥር። መሪው ተፈታ። ኦታቪዮ በምሥራቅ በኩል እንደ ላባ አሳረፈው። ሰዉ ጮኸ፣ ሚኒስትሮቹ ተቃቀፉ፣ ኦርነላ ሮጣ መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «አደረጉት! ኮሎኔል፣ አደረጉት እኮ!» ኦታቪዮ ተንበርክኮ አስፋልቱን ሳመ። ለመዝገቡ የማረፊያ ሰዓት የቀረው የኮሚቴው ማኅተም ብቻ ነበር።

ኮሚቴው በማግሥቱ ተሰበሰበ። ሦስቱ አብራሪዎች በየፊናቸው ደብዳቤ አስገብተው ነበር። ሦስቱም ደብዳቤዎች አንድ ነገር ይላሉ፤ «ያ ዝምታ የፍርሃት እንጂ የስምምነት አልነበረም።»

ዶክተር ሽቱቨ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲህ ዝምታው ዋጋ የለውም። ዝምታው ዋጋ ከሌለው ማረፉ አልጸደቀም። ያልጸደቀ ነገር ደግሞ አልተደረገም።»

«ምን ማለት ነው?» አለ ኦታቪዮ።

«ዕቃው አላረፈም ማለት ነው።»

«ሃንጋር ውስጥ ቆሟል እኮ፣ ዶክተር! ርግብ አናቱ ላይ ተቀምጣለች!»

«በአካል፣ አዎ።»

«እኔስ? እኔ እዚህ ከፊትዎ ተቀምጬ የለም እንዴ?»

«በአካል፣ አዎ» አሉ ዶክተሩ ደግመው። «በሰነድ ግን በበረራ ላይ ነዎት። መልካም በረራ ይሁንልዎ።»

«ነዳጁስ? በምን ይበራል?»

«ነዳጁ እስካሁን አለማለቁ የዕቃውን ብቃት ያሳያል» አሉ። ጎደሊቭ ይህን በትልቁ ጻፈችው።

ዓርብ ኦታቪዮ ሃምሳ አምስት ሞላው። ቀኑን ሙሉ የመሰናበቻ ደብዳቤውን ሲጠብቅ ዋለ። ከሮም የመጣው ወረቀት ግን እንዲህ ይላል፤ በበረራ ላይ ያለ አብራሪ እስኪያርፍ ድረስ አይሰናበትም፣ ስለዚህ ኮሎኔሉ በሥራው ይቀጥል። ኦታቪዮ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። ያልቅስ ይሳቅ ጠፋው።

የመጀመሪያውን ወር እንደ እብድ ነደደ። ሃንጋሩ ድረስ ሄዶ «ዕቃዬን ልየው» ሲል ዘበኛው «የለም፣ ጌታዬ፣ በረራ ላይ ነው» ብሎ መለሰው። ዕቃው ሸራ ለብሶ ከዘበኛው ኋላ ይታያል። በሁለተኛው ወር ጋዜጦች ጻፉ፤ ስድሳ ቀን ያላረፈ ጀት! ከባሕር ማዶ የመጡ የገዢ ልዑካን ሰማይ ሰማዩን እያዩ «አይታይም እኮ» ሲሉ «በራዳርም አይታይም» ተባሉ። ተደስተው አርባ አዘዙ፤ እነሱም አብረው ሊሠሩ ጥያቄ አቀረቡ፣ የመቀመጫው ቁጥርም ወደ ስድስት ከፍ እንዲል ተወሰነ። በሦስተኛው ወር ኦታቪዮ «የአየር ላይ አዛዥ» የሚል ማዕረግ፣ መስኮት ያለው ቢሮና ንግግር የሚያደርግባቸው ብዙ ግብዣዎች ተሰጡት። ወጣት መኮንኖች ሲያልፍ ብድግ ይላሉ። «እንዴት ነው ኮሎኔል፣ ሰማይ ላይ?» ሲሉት መጀመሪያ ይሳደብ ነበር። በኋላ ፈገግ ይል ጀመር። በአምስተኛው ወር «ትንሽ ንፋስ አለው፣ ግን ለመድነው» ብሎ ሲመልስ ራሱን ሰማ።

ኦርነላ አንድ ረቡዕ ቀን በዝናብ ውስጥ ድንች ጥብስ ከሚሸጥበት ጋሪ አጠገብ አገኘችው። ሁለቱም አንድ አንድ ወረቀት ድንች ይዘው ከጋሪው ሸራ ሥር ቆሙ።

«ኮሎኔል፣ አንድ ነገር ልለምንዎ።»

«ምን ሆንሽ፣ ልጄ?»

«ለጸደዩ የአየር ትርዒት ዕቃው በአራቱም አገሮች ሰማይ ላይ እንዲታይ ተወስኗል። የኢጣሊያዋ አብራሪ አንቺ ነሽ ተብያለሁ። ግን ሰማይ ላይ ያለ ዕቃ እንደገና ሊነሳ አይችልም አሉኝ። እርስዎ መጀመሪያ ማረፍ አለብዎ።»

«እኔ ምን ላድርግ፤ እኔማ አርፌ ነበር እኮ!»

«አውቃለሁ። አሁን ግን ዶክተር ሽቱቨ የማረፉን ነገር ለዓርብ ጽፈውታል። አራቱም ዋና ከተሞች ዝም እንላለን ብለዋል። አራቱም! እርስዎ ብቻ ከጎኔ ይሁኑ።» ዓይኗ ውሃ ሞላ። «ሠላሳ ሁለት ሆነኝ። እንደ እርስዎ ወንበር ላይ እንዳላረጅ እፈራለሁ፤ ይቅርታ፣ ለክፋት አይደለም።»

ኦታቪዮ የራሱን ሠላሳ ሦስት ዓመት አስታወሰ። ድንቹን አስቀምጦ እጇን ያዘ። «እናቴ ትሙት፣ ዓርብ አርፋለሁ፣ አንቺም ታበሪዋለሽ። የአንቺን ዕድሜ የሚበላ ሰው ካለ በእኔ መቃብር ላይ ነው።» ይህን ሲል ከልቡ ነበር፤ ሰው ሁሉ ረቡዕ ዕለት ከልቡ ነው።

ዓርብ መጣ። አዳራሹ ሞላ። ኦርነላ የበረራ ልብሷን ለብሳ ከኋላ ተቀመጠች። ጎደሊቭ ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። ለስድስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ጉዳይ ሆነ። ጀርመን ዝም። ፈረንሳይ ዝም። ስፔን ዝም። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ዝምታ ተሰምቶ አያውቅም። የኢጣሊያ ዋና ተወካይ ታሞ ስለቀረ በወንበሩ የተቀመጠው ምክትሉ ኦታቪዮ ነው።

አምስት ደቂቃ ሲቀር ኦታቪዮ መዝገቡን ከኪሱ አወጣ። ያቺ መስመር ዛሬ ትሞላለች። የማረፊያ ሰዓት፣ ማኅተም፣ በቃ። ከዚያስ? ስድስት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ላይ ሃምሳ አምስት ዓመት ያለፈው ሰው ይሆናል። ቢሮውን ለሌላ ያስረክባል። ወጣቶቹ ብድግ አይሉም። ወደ ኡዲነ ይመለሳል፣ ከአማቹ ጋር ቲማቲም ይተክላል፣ አማቹም ስለ ቲማቲም ሊመክረው ይጀምራል። ይህ ሁሉ ድንገት ከፊቱ ተደቀነ፤ እንደ መለማመጃ ማሽኑ ተራራ።  ፈራ፤ ቀይ መብራት ሲበራ ያልፈራው ሰውዬ አሁን ፈራ።

ለስድስት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ሲቀር እጁን አነሳ።

«የኢጣሊያ ልዑክ ዕቃው ያርፍ የሚለውን ሐሳብ በመርህ ደረጃ በታላቅ ደስታ ይደግፋል» አለ። ድምፁ ያማረ፣ ለስላሳ፣ የተለማመደ ድምፅ ነበር። «ሆኖም በማረፉ ጊዜ መሬት ቀድሞ የነካው የትኛው ጎማ እንደሆነ፣ ያም ጎማ በየትኛው አገር እንደተሠራ ሰነዱ አይገልጽም። ይህ ሳይጠና ማረፍ ለአንዱ አገር ክብር ማጉደል ይሆናል ብለን እንሰጋለን።»

ዝምታው ተሰበረ። የተቆጣ ግን አልነበረም፤ እንዲያውም አዳራሹ ውስጥ የእፎይታ ትንፋሽ ተሰማ። ዝም ማለት ያደክማል። ዶክተር ሽቱቨ ዓይናቸው በደስታ በራ።

«እንዴት ያለ ጠቃሚ ነጥብ ነው! የጎማ ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም ሐሳብ አቀርባለሁ። ለሦስት ዓመት፣ እንደ አስፈላጊነቱ የሚታደስ። ሰብሳቢው ኮሎኔል ብሩዛዲን ይሁኑ። ሻምበል ትሬቪዛን እስከዚያው በትዕግሥት ይጠብቁ። ነገሩ የሚነካው እሳቸውን ስለሆነ፣ በደንቡ መሠረት የመናገር መብት አላቸው። ሻምበል፣ ተቃውሞ አለዎት?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። ኦርነላ ቆመች። ወደ ኦታቪዮ አየች። ኦታቪዮ የጎማ ሥዕል የሚፈልግ መስሎ ወረቀቶቹን ያገላብጥ ነበር። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማትና አንዲት ቃል አልወጣ አላት። ጎደሊቭ ሰዓቱን እያየች እስከ አሥር ቆጠረች። የጎደሊቭም እጅ ትንሽ ዘገየ፤ ደንብ ግን ደንብ ነው። ጻፈች።

«ተስማምተዋል» አሉ ዶክተር ሽቱቨ።

ቀድሞ ያጨበጨበው ኦታቪዮ ነበር።